ሁለት ጊዜ ስላበራሁት ማብሪያ

ለክቡር የሥራ ቦታ ደህንነት ቁጥጥር ጽሕፈት ቤት ኃላፊ
ባሉበት

ክቡር ሆይ፤

ከሁሉ አስቀድሜ እርስዎና ቤተሰብዎ በሙሉ ጤና፣ በሙሉ ሰላም፣ በተለይም በሙሉ ጣት እንድትገኙ ከልብ እመኛለሁ። የጣቱን ነገር ማንሳቴ እንደ ድፍረት እንዳይቆጠርብኝ አደራ እላለሁ። እኛ ብረት ሥራ ላይ የምንውል ሰዎች የቆየ ባልደረባ ስናገኝ ከፊቱ በፊት እጁን የማየት ልማድ ስላለን፣ መልካም ምኞታችንም ከዚያው ይጀምራል።

እኔ የላሜራ በር፣ መስኮትና ቁም ሣጥን በሚያመርት ፋብሪካ ውስጥ ሃያ ሁለት ዓመት የሠራሁ፣ ያለፉትን ስድስት ዓመታት ደግሞ በፈረቃ ኃላፊነት ያገለገልኩ ሰው ነኝ። ይህን ደብዳቤ የምጽፍልዎ ለማመስገን ነው። በአደባባይ ማድረጌም ያለ ምክንያት አይደለም፤ ከዚህ በፊት በፖስታ አሽጌ የላክሁልዎት ሦስት ደብዳቤዎች በጽሕፈት ቤትዎ መዝገብ ክፍል ውስጥ ሳይታጠፉ፣ ሳይቆሽሹ፣ ፖስታቸው እንኳ ሳይቀደድ በክብር ተደርድረው በዓይኔ ስላየኋቸው፣ አራተኛውን ጨምሬ ቦታ ማጣበብ አሳፍሮኝ ነው።

ጉዳዩ የባለቤቴን ታናሽ ወንድም ይመለከታል። የፋብሪካችን መካኒክ ነበር። ማሽን ሲቆም፣ ዘይት ሲያፈስ፣ ብሎን ሲበላ የሚጠራው እሱ ስለሆነና «ቆይ፣ መላ አይጠፋለትም» ሳይል መፍቻ ስለማያነሳ፣ የእናት የአባቱ ስም ተረስቶ ሁላችንም «መላ» ነበር የምንለው። ጽሕፈት ቤትዎ በሪፖርቱ ላይ «ጥንቃቄ የጎደለው ሠራተኛ» የሚል ሌላ ስም አውጥቶለታል። ስለዚህኛው ስም ጥቂት ለማለት ነው ብዕር ያነሳሁት። ሥራ የሚበዛብዎ መሆኑን ስለማውቅም ምስጋናዎቼን በቁጥር ለይቼ አቅርቤያለሁ።

1ኛ) ስለ ትዕግሥትዎ አመሰግናለሁ።

አደጋው ከመድረሱ ሁለት ዓመት በፊት መላ ለፋብሪካው ሥራ አስኪያጅ አንድ ገጽ ማመልከቻ ጽፎ፣ ግልባጩን በእግሩ ሄዶ ለጽሕፈት ቤትዎ አስገብቶ ነበር። የጠየቀው ነገር ጓጉንቸር ነው። ለማያውቁት አንባቢዎች ባጭሩ ላስረዳ። አንድ ሰው እጁን ማሽን ውስጥ ከማስገባቱ በፊት ዋናውን ማብሪያ ያጠፋል፤ ካጠፋ በኋላ በማብሪያው እጀታ ላይ የራሱን ጓጉንቸር ይቆልፍበትና ቁልፉን ኪሱ ይከታል። ከዚያ በማሽኑ ሆድ ውስጥ ታምቆ የቀረውን የዘይትና የአየር ግፊት ያስተነፍሳል፣ ሊወርድ የሚችለውን ከባድ ብረት በድጋፍ ያስይዛል፣ በመጨረሻም ማስነሻውን ተጭኖ አለመነሳቱን ያረጋግጣል። ሁለት ሰው ከገባ ሁለት ጓጉንቸር፣ አምስት ሰው ከገባ አምስት ጓጉንቸር ነው። ሁሉም ወጥቶ የየራሱን እስኪፈታ ድረስ ያንን ማሽን ሥራ አስኪያጁም፣ እኔም፣ በይቅርታ ክቡርነትዎም ማስነሳት አንችልም። የኛ ማብሪያዎች ሲሠሩ እጀታቸው ላይ ለዚሁ የሚሆን ቀዳዳ ተበጅቶላቸዋል። ቀዳዳው እኛ ዘንድ ለዓመታት ያገለገለው የጽዳት ሠራተኛችን መወልወያ ጨርቋን እንድታንጠለጥልበት ነው።

መላ በሠራተኞች ስብሰባ ላይ ከቤት ያመጣውን ጓጉንቸር ይዞ ቆመና አሠራሩን አሳየን። «ቁልፉ እኔ ኪስ ከሆነ ነፍሴም እኔ ኪስ ናት፤ ሰው ኪስ ውስጥ አላስቀምጣትም» አለን። ሳቅን። ሥራ አስኪያጁም ስቀው፣ «አንተ ሰውዬ ማሽን ነው የምትጠግነው፣ ወይስ ሱቅ ነው የምትዘጋው?» አሉት። ጽሕፈት ቤትዎ ደግሞ ከሰባት ወር በኋላ ክብ ማኅተም ያረፈበት መልስ ላከ፤ «ጥያቄው በሚመለከተው ክፍል በመታየት ላይ ይገኛል» ይላል። ዛሬም በመታየት ላይ ይገኛል። አንድን ጓጉንቸር ይህን ያህል ዘመን ሳይሰለቸው የሚመለከት መሥሪያ ቤት ያለን መሆኑ ያኮራል።

መላ ቁርጥ ያለ መልስ ሲያጣ የራሱን ጓጉንቸር መጠቀም ጀመረ። አሥራ አንድ ቀን ተጠቀመ። በአሥራ ሁለተኛው ቀን የመቁረጫ ማሽኑን ቆልፎ ዕቃ ለማምጣት ወደ መጋዘን እንደሄደ፣ ሥራ አስኪያጁ ምርት ቆመ ብለው ጓጉንቸሩ በመፍጫ እንዲቆረጥ አዘዙ። ትዕዛዙን ለበያጁ ያስተላለፍኩት እኔ ነኝ። መላ ተመልሶ መሬት ላይ የወደቀውን የጓጉንቸር ግማሽ አነሳና ገና ትኩስ ስለነበር ከእጅ ወደ እጅ እያቀያየረ አየኝ። በማግስቱ «የድርጅቱን ንብረት ያለ ፈቃድ በመቆለፍ» የሚል የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ ደረሰው፤ ወረቀቱን ያስረከብኩትም እኔ ነኝ። የዚያ ማስጠንቀቂያ ግልባጭ ለጽሕፈት ቤትዎ እንደደረሰና በዚያው ቀን እንደተመዘገበ ሳረጋግጥ በፍጥነታችሁ ተደነቅሁ።

2ኛ) ስለ ጉብኝቱ አመሰግናለሁ።

ከዚያ በኋላ መላ ከካርቶን ቆርጦ «ሰው አለ፤ አታብራ» ብሎ በቀይ የጻፈበት ወረቀት ሠራ። ማሽን ውስጥ ሲገባ እጀታው ላይ በሽቦ ያስረዋል፣ ሲወጣ ይፈታዋል። ጓጉንቸር አይሆንም፤ ግን ማንበብ የሚችል ሰው ይመለስ ነበር። እኔ ራሴ ሁለት ጊዜ አንብቤ ተመልሻለሁ።

ታዲያ ባለፈው ዓመት ሁለት ተቆጣጣሪዎችዎ ፋብሪካችንን ሊጎበኙ መጡ። እንግዶቹን ለመቀበል ማሽኖቹ ሁሉ ስለቆሙና ሠራተኛው ሁሉ በር ላይ ስለተሰለፈ፣ ክቡርነትዎ ሊያምኑኝ ይችላሉ፣ ፋብሪካው በታሪኩ እንደዚያ ቀን ደህንነቱ ተጠብቆ አያውቅም። ተቆጣጣሪዎቹ የእሳት ማጥፊያዎቹን ቆጠሩ፤ ወለሉ ላይ የተቀባውን ቢጫ መስመር ስፋት በሜትር ለኩ፤ የመጀመሪያ እርዳታ ሣጥኑን ከፍተው ጥጥ መኖሩን መሰከሩ። የማብሪያዎቹ ክፍል ሲደርሱ ከበሩ ሳያልፉ አንገታቸውን አስገብተው አዩ። መላ ከኋላቸው ቆሞ ነበር። «ጌታዬ፣ እነዚህ ማብሪያዎች የየትኛው ማሽን እንደሆኑ የሚያመለክተው ጽሑፍ ለቋል። መቆለፊያም የላቸውም» አለ። አንደኛው ተቆጣጣሪ በትሕትና አዳመጠውና ማስታወሻው ላይ ጻፈ።

የጻፈውን ያወቅነው የጉብኝቱ ሪፖርት ሲመጣ ነው። ከአሥራ አራቱ የማሻሻያ ሐሳቦች ስድስተኛው «በኤሌክትሪክ ማብሪያ ክፍል ውስጥ የተንጠለጠሉ ያልተፈቀዱ ጨርቆችና ወረቀቶች ለገጽታ ሲባል ይነሱ» የሚል ነበር። ሥራ አስኪያጁ አሥራ ሦስቱን ለሚቀጥለው ዓመት አስተላልፈው ስድስተኛውን በዚያው ዕለት ፈጸሙ። የመላ ካርቶን ከመወልወያው ጨርቅ ጋር አብሮ ተጣለ። የማብሪያ ክፍላችን ገጽታ ከዚያን ጊዜ ጀምሮ በጣም ያማረ ነው።

3ኛ) ስለዚያ ቀን። እዚህ ላይ የማመሰግንበት ነገር ስላጣሁ፣ የሆነውን እንዳለ እነግርዎታለሁ።

ረፋዱ ላይ፣ አራት ሰዓት ተኩል ገደማ ነው። ትልቁ የላሜራ ማጠፊያ ማሽን አንድ ላሜራ በመንጋጋው መካከል ነክሶ ቀረ። ይህ ማሽን ከአልጋ የሚረዝም ወፍራም ብረት በዘይት ግፊት ከላይ ወደ ታች ወርዶ ላሜራውን የሚያጥፍበት ነው፤ የሚታዘዘው በሁለት የእግር ፔዳሎች ነው፤ አንዱ ያወርደዋል፣ ሌላው ያነሳዋል። በላዩ የምትሠራው ሴት መላን ጠራችው። መላ ከግድግዳው ወዲያ ወዳለው ማብሪያ ክፍል ሄዶ አጠፋና ተመለሰ። «አጥፍቼዋለሁ፤ አንቺ እስከዚያ ውኃ ጠጪ፣ አረፍ በይ» አላት። የላሜራውን አንድ ጫፍ ፈልቅቆ አወጣ። ሌላው ጫፍ አልወጣ ስላለው ጎንበስ ብሎ ሁለት እጁን በመንጋጋው መካከል አስገባ።

በዚያው ደቂቃ በቀለም ቤቱ በኩል የአየር ማውጫው በራሱ ጊዜ ቆመ። ቀለም ቀቢው አፉን በክንዱ ሸፍኖ እያሳለ ወደ እኔ ሮጠ። «ኧረ አየሩ ቆመብን! ልንታፈን ነው፣ ቶሎ በልልን!» አለኝ። እኔም ሮጥኩ። ለሰው ሳንባ አስቤ ነው የሮጥኩት፤ ይህን የምለው ለማመካኘት ሳይሆን ስለሆነ ነው። ማብሪያ ክፍል ስገባ ጎን ለጎን የተሠሩ ሁለት እጀታዎች ወደ ታች ወርደዋል። የትኛው የምን እንደሆነ የሚናገር ጽሑፍ የለም። ወረቀት የለም። ጓጉንቸር የለም። ኤሌክትሪኩ ተቆራርጦ ሁለቱንም ጥሏቸዋል ብዬ አሰብኩ። ሁለቱንም አነሳኋቸው።

ክቡር ሆይ፣ የማጠፊያው የራሱ ማስነሻ ቁልፍ ከተበላሸ ዓመት አልፎት ነበር። ዕቃው እስኪመጣ ተብሎ ሽቦው ቀጥታ ተገናኝቷል፤ ስለዚህ ማሽኑ ኤሌክትሪክ እንዳገኘ ወዲያው ይነሳል። መላ ፈልቅቆ ያወጣው የላሜራ ጫፍ ደግሞ ተንሸራትቶ የማውረጃው ፔዳል ላይ ተጋድሞ ነበር።

ጩኸት አልሰማሁም። የሰማሁት መፍጫዎቹ አንድ በአንድ ጸጥ ሲሉ ነው። ከክፍሉ ስወጣ ሁሉም ወደ አንድ ቦታ ያያል። መላ ማሽኑ ላይ እንደተደገፈ ቆሟል። ከሩቅ ላየው ሥራ ላይ ያለ ይመስላል። ፊቱን ወደ ማብሪያ ክፍሉ በር አዙሮ ስለነበር ከየት እንደወጣሁ አይቷል። ሴትየዋ «አጥፉት! አጥፉት!» ትላለች። ተመልሼ ሮጬ አጠፋሁት። ብረቱ ግን ባለበት ቀረ፤ ያለ ግፊት አይወርድም፣ ያለ ግፊትም አይነሳም። አራት ሰው በብረት ዘንግ ሊያነሳው ሞከረ፤ ንቅንቅ አላለም። መላ ቀስ ባለ ድምፅ፣ ለጀማሪ ሠራተኛ እንደሚያስረዳ ሆኖ፣ «ጋሼ፣ ሂድና አብራው። ካላበራኸው አይነሳም» አለኝ።

ከማጠፊያው እስከ ማብሪያው አርባ አንድ እርምጃ ነው። ያን ዕለት አልቆጠርኩትም፤ ከዚያ በኋላ ነው የቆጠርኩት። ሄጄ ሁለተኛ ጊዜ አበራሁት። ሴትየዋ ላሜራውን ከማውረጃው ፔዳል ላይ አስቀድማ አንስታ ነበር፤ የማንሻውን ፔዳል ረገጠች፤ ብረቱ ተነሳ።

ቀኝ እጁ ከአንጓው ጀምሮ የለም። በግራው አውራ ጣቱ ብቻ ቀርታለች።

4ኛ) ስለ ማጣራቱ አመሰግናለሁ።

ከጽሕፈት ቤትዎ የተላከው አጣሪ በስድስተኛው ቀን ሐኪም ቤት ድረስ መጥቶ ቃል መቀበሉ ለተጎጂ ያላችሁን አክብሮት ያሳያል። ባለቤቴ ከአልጋው ራስጌ ተቀምጣ ነበር፤ እኔ በሩ ላይ ቆሜ ነበር። አጣሪው «ማሽኑን አጥፍተህ ነው የገባኸው?» ብሎ ጠየቀ። መላ መጀመሪያ እህቱን አየ፣ ቀጥሎ እኔን አየ፤ ከዚያ «ረስቼው ነው። ሳላጠፋ ነው የገባሁት» አለ።

እኔ «ኧረ አይደለም! አጥፍቶ ነበር!» ስል አጣሪው በጣም ጨዋ በሆነ አነጋገር «እባክዎ አባት፣ የተጎጂውን ቃል አያቋርጡ» አለኝ። ነርሷም በሩን ዘጋችብኝ። በማጠፊያው ላይ የምትሠራዋ ሴት «አጥፍቼዋለሁ ብሎኛል» ብላ ቃሏን ሰጥታ ነበር፤ በሪፖርቱ ላይ ግን «ሰምታለች እንጂ አላየችም» ተብሎ ታልፏል። የማሽኑ ሽቦ ቀጥታ መገናኘቱን፣ ጓጉንቸሩ በመፍጫ መቆረጡን፣ ካርቶኑ በእናንተው ስድስተኛ ነጥብ መጣሉን የጠየቀም የጻፈም የለም። ማሽን የሚያበራው ሰው መሆኑ ይታወቃል፤ ሆኖም ከሪፖርቱ አራት ገጾች በአንዱም ላይ «ማን አበራው?» የሚል ጥያቄ የለም። ብትጠይቁኝ በአንድ ቃል እመልስ ነበር።

ሳትጠይቁኝ ልመልስ ብዬ ሦስቱን ደብዳቤዎች ጻፍኩ። መልስ ሲጠፋ የዓመት ፈቃድ ወስጄ ቢሮዎ መጣሁ። ክቡርነትዎ ስብሰባ ላይ ስለነበሩ ያነጋገረችኝ የመዝገብ ክፍሏ ሠራተኛ ናት፤ መልካም ሴት ናት፣ ወንበር ስባ አስቀመጠችኝ።

«አባቴ፣ ይህ ፋይል እኮ ተዘግቷል» አለችኝ።

«ልጄ፣ የተዘጋው በስህተት ነው። አጥፊው እኔ ነኝ» አልኳት።

ፋይሉን ገልጣ አየችና፣ «አጥፊው ተገኝቷል እኮ። ሁለት አጥፊ የሚጻፍበት ቦታ ቅጹ ላይ የለም» አለችኝ። አልቀለደችም። ቅጹን አዙራ አሳየችኝ፤ እውነትም አንድ መስመር ነው ያለው።

5ኛ) ስለተወሰደው የማስተካከያ እርምጃም ሳላመሰግን ባልፍ ነውር ይሆንብኛል። በጽሕፈት ቤትዎ ምክር መሠረት ከማጠፊያው ማሽን በላይ «ጣትህን የምትጠብቀው አንተ ነህ» የሚል ባለ ቀለም ሰሌዳ ተሰቅሏል። ሥዕሉ ላይ አንድ ሠራተኛ ፈገግ ብሎ ሁለት እጁን ዘርግቷል። ሰሌዳውን ለመስቀል የወጣው ሰው መሰላሉን ማሽኑ ላይ አስደግፎ ሲሠራ ማሽኑ አልጠፋም ነበር።

አሁን ቁጥሩን ላቁመውና ስለ ቤቴ ጥቂት ልንገርዎት፤ ሪፖርቱ ላይ «የተጎጂው ማኅበራዊ ሁኔታ» የሚለው ቦታ ባዶውን ስለቀረ ሊያግዝዎት ይችላል።

መላ ከኛ ጋር ነው የሚኖረው። ባለቤቴ እናታቸው ከሞተች ጀምሮ ያሳደገችው ነው፤ «እትዬ» እንጂ በስሟ ጠርቷት አያውቅም። አሁን ታጎርሰዋለች፣ ፊቱን ታጥበዋለች፣ ቁልፍ ትቆልፍለታለች። ጢሙን የምላጨው እኔ ነኝ። በቀረችው አውራ ጣቱ የሬዲዮኑን ድምፅ ከፍና ዝቅ ማድረግ ተምሯል፤ ሲሳካለት «ይኸው፣ መላ አይጠፋለትም» ይላል፤ እኛም እንስቃለን። ከፋብሪካው ማሽን ሲበላሽ እስከ ዛሬ ይደውሉለታል። ባለቤቴ ስልኩን ጆሮው ላይ ትይዝለታለች፤ እሱ ዓይኑን ጨፍኖ የትኛው ብሎን እንደሚፈታ፣ በየት በኩል እንደሚከፈት ይነግራቸዋል። ስልኩ ሲዘጋ ትከሻው ሲንቀሳቀስ አያለሁ፤ መፍቻ የሚያዞር ሰው ትከሻ ነው የሚመስለው።

ቢሮዎ ደርሼ በተመለስኩበት ቀን ነገሩን ሁሉ ለባለቤቴ ነገርኳት። እስከዚያ ድረስ አታውቅም ነበር። የመላን ሸሚዝ እየተኮሰች ነበር፤ ካውያውን አቆመች። ትጮኻለች ብዬ ጠበቅሁ። «እሱ በእጁ ላይ ዋሽቶ ያቆመልኝን ቤት፣ አንተ በወረቀት ልታፈርሰው ነው?» አለችኝ። ካውያውን አንስታ ቀጠለች። ከዚያን ቀን ጀምሮ ምሳዬን ታቀርብልኛለች፣ ልብሴን ታጥባለች፣ ለለማኝ እንኳ በማትነፍገው ሰላምታ ጠዋት ጠዋት ሰላም ትለኛለች። ሌላ ቃል በመካከላችን የለም።

መላም ወሬው ደረሰው። ጢሙን እየላጨሁት ሳለ ነው የተናገረው፤ ምላጩ ጉንጩ ላይ ስለነበር ከንፈሩን ብዙም ሳያንቀሳቅስ።

«ጋሼ፣ ልትጽፍባቸው ነው አሉ።»

«ልጽፍ ነው።»

«በደብዳቤ ይነቃሉ ብለህ ነው?»

«አይነቁም።»

«እኔ የዋሸሁት ለእትዬ ብዬ ነው። አንተ እውነቱን የምትናገረው ለማን ብለህ ነው?»

ክቡር ሆይ፣ ፊቱን በፎጣ ጠረግሁለትና ወጣሁ። ያንን ጥያቄ ይዤ ብዙ ሰነበትኩ። ለእርስዎ ብዬ እንዳልሆነ ግልጽ ነው። ለመላ ብዬም አይደለም፤ እሱ ተው ብሎኛል። ለኅሊናዬ ብዬ እንዳልል እውነቱን ካወጣሁ ወዲህ አንድ ሌሊት እንኳ የተሻለ እንቅልፍ አልተኛሁም። የማውቀው አንድ ነገር ነው። በሪፖርታችሁ ላይ ያለው ቃል እውነት ከሆነ፣ ማሽኑ ውስጥ የሚገባ ሰው ሁሉ ማጥፋቱን ካልረሳ በሰላም ይወጣል ማለት ነው። መላ ግን አልረሳም ነበር። ፋብሪካችን ውስጥ ከእሱ በላይ የሚጠነቀቅ ሰው አላውቅም። አጥፍቶ ነው የገባው፤ አልጠቀመውም።

ስለዚህ ጓጉንቸር አልጠይቅዎትም፤ እሱን ሁለት ዓመት ጠይቀን አይተነዋል። የማሽኑ ሽቦ እንዲስተካከል፣ ማብሪያዎቹ ላይ ጽሑፍ እንዲለጠፍ፣ ሠራተኛው አሠራሩን እንዲማር አልጠይቅም፤ ይህን ሁሉ በመመሪያችሁ ላይ ከእኔ በተሻለ አማርኛ ጽፋችሁታል፤ መመሪያው በሥራ አስኪያጃችን መደርደሪያ ላይ ከነፕላስቲኩ ተቀምጧል። የምለምነው በሪፖርቱ ሦስተኛ ገጽ ላይ አንድ መስመር እንዲቀየር ነው። «ተጎጂው ማሽኑን ሳያጠፋ በመግባቱ» የሚለው ተሰርዞ፣ «ተጎጂው አጥፍቶ ገባ፤ የፈረቃ ኃላፊው አበራበት፤ የሚያግደው ነገር አልነበረም» ተብሎ እንዲጻፍ። ቅጹ ላይ ያለው ቦታ አንድ ከሆነ፣ የእሱን ስም አውጥታችሁ የእኔን አስገቡበት።

ይደረጋል ብዬ እንደማልጠብቅም በትሕትና ላረጋግጥልዎ እወዳለሁ።

ላሳያችሁን ያልተቆጠበ ቸልታ፣ ላልከፈታችኋቸው ፖስታዎች፣ ፊደሉ እንኳ ሳይደበዝዝ ለሚያርፈው ማኅተማችሁ፣ እንዲሁም ጊዜዎን ሰውተው ይህን ደብዳቤ እዚህ ድረስ ላነበቡልኝ፣ ወይም ላላነበቡልኝ፣ ያለኝን ጥልቅ አክብሮት ዝቅ ብዬ እየገለጽኩ፣ ለሥልጣንዎ ዕድሜ፣ ለወንበርዎ ጽናት፣ ለብዕርዎም ቀለም እመኛለሁ።

በሪፖርትዎ ውስጥ ያልተጠቀሰው
የፈረቃ ኃላፊ

ከፊርማ በኋላ የተጨመረ፦

ደብዳቤውን አጥፌ ለጋዜጣ ልልክ ስል አንድ ወረቀት ደረሰኝ። ከአደጋው ወዲህ የትኛውም ሰው ማሽን ውስጥ ሲገባ እኔ ሥራዬን ትቼ ማብሪያው ፊት እቆማለሁ። ጀርባዬን ለእጀታዎቹ ሰጥቼ፣ ሰውየው ወጥቶ እጁን እስኪያሳየኝ ድረስ አልንቀሳቀስም። ዘጠኝ ወር እንዲህ አድርጌ አንድም ሰው አልተጎዳም። ዛሬ የደረሰኝ ወረቀት «ያለ በቂ ምክንያት ከሥራ ቦታው በተደጋጋሚ በመለየቱ» ከሰኞ ጀምሮ ከግቢው ውጭ ወዳለው መጋዘን መዛወሬን ይገልጻል፤ ከታች «ግልባጭ፦ ለቁጥጥር ጽሕፈት ቤት» ይላል። ሰኞ ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ የመቁረጫው ስለት ይቀየራል፤ ሁለት መካኒኮች እስከ ትከሻቸው ድረስ ይገባሉ። ቢሮዎ ከኛ ፋብሪካ በእግር የሃያ ደቂቃ መንገድ ነው። ማብሪያው በሩን እንደገቡ በስተግራ ነው፤ በሩ ተቆልፎ አያውቅም።